አምባኮ ቤቱን ሲመታ

አናጢው አምባኮ በጭጋጉ መሐል መጣ፣
ከኪሱ መዶሻ፣ ከጆሮው እርሳስ አወጣ፤
እንደ ሐኪም ጎንበስ ብሎ ምሰሶውን አንኳኳ፣
እንጨትም ሲመረመር እንዲህ ይተነፍሳል ለካ!
ደህናው «ድንግ» ይላል፣ የበሰበሰው «ዱብ»፣
አንዱ እንደ ደወል ነው፣ አንዱ እንደ ፈሪ ልብ።
ወስፌውን ሰካበት ከማዕዘኑ በታች፣
እስከ እጀታው ድረስ ሰተት ብላ ገባች።

(እኔም ቤት እመታለሁ፣ ስንኝ ሳስር ስፈታ፤
ግን እንደሱ ጆሮ ጥዬ፣ መታሁ ወይ አንድም ማታ?)

ይሄ የሆነው ጉሪያ፣ ጆርጂያ ምድር ነው፣
ከጥቁር ባሕር ማዶ፣ ዝናብ ከማይሰለቸው፣
ሻዩ ጫካ ሆኖ ሰው ከማይቀጥፈው፣
ቤት እንደ ሽመላ በድንጋይ እግር ከሚቆም፣
ከመሬት እርጥበት ጋር ላይገናኝ ዘላለም።
ስንት ዝናብ ወረደ? ስንት ክረምት አለፈው?
ስንት ጉልበት አለቀ በዚያ ደረጃ? ቤት ይቁጠረው።

ላማራ ከታች ናት፣ እጇን ሽርጧ ውስጥ ከታ፣
ወንድሟ ኦቲያ ከላይ፣ ሸለቆውን ሲያይ በደስታ፤
ከባቱሚ ወደብ፣ ከክሬን ላይ ወርዶ፣
የሦስት ቀን ዕረፍቱን ለዚህ ጉዳይ ማግዶ።
«ይጠገን እንጂ አይፈርስም! የአያታችን እጅ ነው፤
እንዲህ ያለ ሐረግ በእንጨት ዛሬ ማን ነው የሚቀርጸው?
ገንዘቡን እኔ እፈልጋለሁ፤ ብቻ መልኩ አይነካ፣
ሁሉ ይተካል እንጂ ልጅነት አይተካ።»

ጎረቤት የጠበቀው፣ እህት ስታለቅስ ነበር፤
እሷ ግን ጉንጯን ነፋች፣ ሳቋን ለመቆጣጠር።
«አንተ የምታውቀው ነሐሴን ነው፣ ኦቲያ፣
ወይን ሲንዠረገግ፣ ጥላው ሲሆን ማረፊያ።
እኔ ጥርን ነው የማውቀው፤ ስለ ጥር ጠይቀኝ፣
ስንት ጣሳ እንደምደረድር፣ የቱ ጠብታ እንደሚቀሰቅሰኝ፤
ሽንት ቤት ለመውረድ ደረጃው በረዶ ሲሆን፣
ጉልበቴ ማንን እንደሚያማ፣ ደረጃውን ወይስ እኔን።
አንተ ትወደዋለህ፣ እንግዳ ስለሆንክ፤
እኔ እኖርበታለሁ። ልዩነቱን አጤንክ?»

ደግሞ ባለፈው ሳምንት ከትብሊሲ ሰው መጥቶ፣
ጣውላውን ዳሰሰው መነጽሩን አውጥቶ፤
ለምግብ ቤት ግድግዳ «ያረጀ» ይፈለጋል አሉ፣
የትል ቀዳዳ ሳይቀር በዋጋ ነው እንደ ቃሉ።
«ከፈረሰ ይከፍላል፣ ከቆመ ያስከፍላል፤»
ሠላሳ ዓመት ሻይ መዝና፣ ሂሳብ መች ይጠፋታል።

አምባኮ ይህን አልሰማም። በሆዱ ተስቦ ገብቶ
ከቤቱ ስር ጠፋ፣ ባትሪውን አብርቶ።
ቆየ። አንዲት ዶሮ ተከትላው ገባች፣
ተቆጥታ ወጣች።
ከዚያ ከወለሉ ስር፦ «አያታችሁ ሌባ ነው፣ ወይ ብልህ፤ ኑ ውረዱ!
ይህን አግዳሚ እዩልኝ፤ ከስር ነው ለካ ጉዱ!»

ሁለቱም ተንበረከኩ፤ ጉልበቷ ጮኸ የላማራ።
ባትሪው በሚያበራበት፣ ከአግዳሚው ጎን በተራ፣
ስድስት ጎድጓዳ አለ፣ ምንም ያልገባበት፣
ለሌላ ወለል የተፈለፈለ፣ ለሌላ ምሰሶ፣ ለሌላ ቤት።
ከዚህ በፊት ይህ እንጨት ሌላ ጣሪያ ተሸክሟል፣
ሰው ተጋብቶበታል፣ ተጣልቶ ታርቆበታል።
አያት የሚሉትም እጅ አፍርሶ ነው የሠራው፤
ማን እንዳለቀሰበት፣ ያንንም ቤት ይቁጠረው።

ኦቲያ አፉን ከፈተ። ዘጋው። አቧራ ዋጠ፤
የጎድጓዳውን ከንፈር በጣቱ እየነካ ተቀመጠ።
«ዝቅ ይበል፣» አለች እህት፤ «የምለው ይሄን ብቻ ነው።
አንድ ክፍል፣ ሁለት መስኮት፣ ደረጃ የሌለው።
ሽንት ቤቱ ከውስጥ። ደህና ደህናው እንጨት ይግባበት፣
የትብሊሲው ሰውዬ የተበላውን ያብላበት።»
«ሰገነቱስ?» አለ እሱ። «ሰገነት ከመሬት ላይ?»
«ከመሬት ላይ! ወድቀህ እንዳትሞትብኝ፣ ሸለቆ ስታይ።»

ይህ ስምምነት ነው? እንጃ። መስኮቱ ወዴት ይዙር
ሲባል አልተስማሙም፤ ስለ ምድጃውም ነበር ክርክር።
ኦቲያን ግን አየሁት፣ ጠመኔ ይዞ ወደ ማታ፣
በየጣውላው ራስ ቁጥር ሲጥል፣ ከቦታ ቦታ፤
አስራ ሰባት ላይ ሲደርስ ዝናቡ ጀመረ፣
ጠመኔው ፈሰሰ።
                    ከአንድ ደግሞ ቆጠረ።